ዕንባው የደስታ አልነበረም

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ እኔ አሶሳ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። ዓይኔ አላቋርጥ ብሎ ሲያነባ ጓደኛዬ «አይ አገር መውደድ!» ብሎ ሳቀብኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዕንባው ግን የድርቀት ነበር።

አዎ፣ የደረቀ ዓይን ያነባል። ዓይናችንን የሚሸፍነው ስስ ዕንባ ውኃ ብቻ አይደለም፤ በላዩ ቶሎ እንዳይተን የሚያደርገው ቅባት አለ። ባርገበገብን ቁጥር ይታደሳል። በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ የምናርገበግበው ሰዎች፣ ስክሪን ላይ ስናፈጥ ከግማሽ በታች እንወርዳለን። ሽፋኑ ሲሳሳ ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፤ ያኔ ውኃው በብዛት ይለቀቃል፣ ግን ዓይን ላይ አይቆይም። የበጋው አቧራና ፊት ላይ የተደገነ ቬንትሌተር ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት።

ጥፋቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ «ለቀይ ዓይን ጠብታ» ስል ያለ ማዘዣ ሰጡኝ። በሁለት ቀን ለቀቀኝ፤ ለወራት እየደጋገምኩ ገዛሁ። በኋላ የዓይን ሐኪሟ ጠርሙሱን አይታ ዴክሳሜታዞን፣ ማለትም ስቴሮይድ እንዳለበት ነገረችኝ። ያለ ክትትል ሲዘወተር የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል፤ የዓይን ሞራም እንዲሁ። በግላኮማ የጠፋ ዕይታ አይመለስም። የእኔም ግፊት ጨምሮ ነበር፤ ጠብታውን ሳቆም ወረደ።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሆኜ ጠርሙሱ ላይ ያልተጻፈውን ዋጋ አለማሰቤ ያሳፍረኛል። ለእኔ እንዲህ ያለው ጠብታ ያለ ማዘዣ መሸጡ መቆም አለበት። ግን እኛም ፋርማሲስቱን «ባለፈው የሰጠኸኝን» እያልን ባንወተውት ጥሩ ነው።

ለድርቀት የሚበጀው ሌላ ነው፦ ሰው ሠራሽ ዕንባ፣ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ የተጨፈነ ዓይን ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማድረግ፣ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ራቅ ብሎ ማየት። ደግሞ የቀላ ዓይን ሁሉ ድርቀት አይደለም። ትራኮማ አገራችን ውስጥ ዛሬም አለ። ሕመም ካለ፣ ዕይታ ከቀነሰ ወይም ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይን ከነካ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ሲመሽ ማየት ለሚያቅተው ልጅም እንደዚያው፤ ዳፍንት ከቫይታሚን ኤ እጥረት ይመጣል። (የአሶሳ ማንጎ ለዚህኛው ይረዳል፣ ለቲክቶክ ድርቀት ግን አልሞከርኩትም።)

ያ የሳቀብኝ ጓደኛዬ ሰሞኑን «ዓይኔን ይቆረቁረኛል፣ የዚያን ጠብታ ስም ላክልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። አልላክሁለትም።