ስሙን ማወቅ ብቻውን አይበቃም

ሊኑክስ ሲነሣ ከርነሉ የግራፊክስ ካርዱን ማንነት ይጠይቃል። ካርዱም በቁጥር ይመልሳል፤ 8086 ኢንቴልን፣ 1002 ኤኤምዲን ያመለክታል። በዚሁ መሠረት ተስማሚው ድራይቨር ይመረጣል። ቀድሞ ይህን ተጠቃሚው በማዋቀሪያ ፋይል ላይ በእጁ ይጽፈው ነበር።

ይሁንና ስሙን የነገረን እንግዳ ቋንቋውን ካላወቅን አናነጋግረውም። አምራቹ የካርዱን አሠራር ከሸሸገ ድራይቨር ጸሐፊዎች በፍተሻ ሊደርሱበት ይገደዳሉ። ለኤንቪዲያ ካርዶች የተዘጋጀው ኑቮ በአመዛኙ የተሠራው እንዲህ ነው። ኤንቪዲያ የከርነል ሞጁሎቹን ምንጭ ኮድ የከፈተው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ከቱሪንግ ትውልድ ወዲህ ላሉት ካርዶች ብቻ።

ስለዚህ በዲጋም ሆነ በነቀምቴ ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚመርጡ ሁሉ ክፍት ድራይቨር ያለውን ካርድ ቢያስቀድሙ ይበጃል። የዝጉ ዕድሜ በአምራቹ ፈቃድ ይወሰናል፤ ክፍቱን ግን የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሊያርመው ይችላል።