ኪሎ ሜትር ብቻ አይቆጠር

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከማዳበሪያ ወቅት በኋላ እምብዛም የማይንቀሳቀስ የማኅበር መኪና ወይም የልማት ሠራተኛ ሞተር ሳይክል፣ «ገና 5000 ኪሎ ሜትር አልሞላም» ተብሎ ዘይቱ ሳይለወጥ ዓመት ያልፈዋል። ይህ ቁጠባ አይደለም። በተለይ በጉና አካባቢ ብርድ፣ ሞተር በሚገባ ሳይሞቅ አጭር መንገድ ሄዶ ሲጠፋ እርጥበትና ያልተቃጠለ ነዳጅ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላሉ፤ በዚህም የሚፈጠረው አሲድ ብረቱን ይበላል።

ስለሆነም በእኔ አስተያየት፣ የአምራቹ መመሪያ ከዚህ ያነሰ ጊዜ ካላዘዘ፣ ዘይትና ፊልትሮ ቢያንስ በዓመት 1 ጊዜ፣ አጭር መንገድ ብቻ ለሚሄድ ደግሞ በየ6 ወሩ ሊለወጥ ይገባል። ቀኑም በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ። የጥቂት ሊትር ዘይት ዋጋ ከሞተር እድሳት ወጪ ጋር አይወዳደርም፤ በዘር ወቅት የተበላሸ መኪናም የገበሬውን ማዳበሪያ ያዘገያል።