የባለሱቋ ደብተርና የእኛ ዕዳ



ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ «ነጋዴ ጊዜውን መከተል አለበት፤ ያልቻለ ይዝጋ» ሲል ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ስለነበር ዝም አልኩ። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣምና ዛሬ የበኩሌን ሐሳብ በዚህ ሰሌዳ ላይ አቀርባለሁ።

ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ፣ ታክሲ በግማሽ ጫነ፣ የእድራችንም ድንኳን ሳይተከል ከረመ። እኔ እንደምታውቁት ልብስ ሰፊ ነኝ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ፣ ዋጋው ደህና ነው ብዬ፣ ለተማሪ ደንብ ልብስ የሚሆን ጨርቅ ግማሹን በዱቤ ከመርካቶ አምጥቼ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጨርቁ እንደተከመረ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ሳምንት በሬን ዘግቼ ተኛሁ።

ኋላ ማስክ መስፋት ጀመርኩ። ደህና ሄደ፤ ግን ሁለት ወር ቢቆይ ነው። የስፌት መኪና ያለው ሁሉ ማስክ ሰፊ ሆነና ዋጋው ወደቀ። ከዚያ ወደ ጥገና ዞርኩ፦ ዚፕ መቀየር፣ ኮት መገልበጥ፣ የአባትን ሱሪ ለልጅ ማሳጠር። ድሮ የምንንቀው ሥራ ነው እኮ! ቤቴን ያቆየው ግን እሱ ነው። ገንዘብ የቸገረው ሰው አዲስ አያሰፋም፤ ያለውን ያስጠግናል።

ትልልቆቹም ከዚህ የተለየ አላደረጉም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኛ ሲጠፋበት ከአውሮፕላኖቹ ወንበር እየነቀለ ጭነት ጫነባቸው። ነገር ግን እሱ ቀድሞም የጭነት ሥራ ነበረው፤ እኔም ጥገናን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ሰው በችግር ቀን የሚዞረው ቀድሞ በሚያውቀው በኩል ነው። ስለዚህ ለጎረቤቶቼ የምላችሁ፣ ዋናው ሥራ ደህና ሳለ ሁለተኛዋን ትንሽ ሥራ አትተዉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በታችኛው መንገድ ያሉትን ባለሱቅ እናታችንን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሥራ ስንፈታ ዘይቱን፣ ሽሮውን፣ ሳሙናውን በዱቤ የሰጡን እሳቸው ናቸው። ስሜ ደብተራቸው ላይ ነበር። ከፍዬ የጨረስኩት በ2013 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። እስከ ዛሬ ያልከፈለም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደጨመረ አይታችኋል። ያ ዕዳ ዛሬ ቢከፈላቸው እንኳ ያኔ የሰጡንን ያህል ዕቃ አይገዛላቸውም። ታዲያ እሳቸውን «ጊዜውን ይከተሉ» የምንላቸው በምን አፋችን ነው? የሚከተሉበትን ገንዘብ የያዝነው እኛ አይደለን?

ደግሞስ መች ተቀመጡ! ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የልጅ ልጃቸው አስተምራቸው አሁን በስልክ ይቀበላሉ። (እግረ መንገዴን፦ «ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን አሳይቶ የሚሄድ ሰው መጥቷል። በራሳችሁ ስልክ መልእክቱ ሳይገባ ዕቃ አታስረክቡ።)

አያቶቻችን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን አይተዋል። እኛ ከዚያ የያዝነው ኅዳር 12 ቆሻሻ ማጠኑን ብቻ ነው። ሌላ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ በሽታም ይሁን የዋጋ ንረት፣ የመንገድ ሥራም ይሁን።

ስለዚህ ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። ከወርኃዊ መዋጮው ሳይሆን ከድንኳን፣ ከወንበርና ከብረት ድስት ኪራይ ከሚገባው ላይ ጥቂት እየተቀመጠ፣ ሥራው ለተሰናከለ አባል በሁለት ዋስ፣ ያለ ወለድ፣ ለስድስት ወር ይበደር። ከኮሚቴው ውስጥ «እድር ለቀብር ነው» የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው፣ የቀብሩ ገንዘብ አይነካ። ሌላም ችግር አለው፤ በ2012 ዓ.ም. ኪራዩ ራሱ ነው የቆመው። ለዚህ ነው ገበያ ባለበት ጊዜ፣ ማለትም አሁን፣ መጀመር ያለብን።

ጉዳዩ በሚቀጥለው እሑድ ከወር መዋጮ በኋላ ለውይይት ይቀርባል። ባለሱቋ ደብተር ላይ ስማችሁ ያለ ከእሑድ በፊት ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። ስም አልጠራም፤ እሳቸውም እንድጠራ አልፈቀዱልኝም።

የማኅበሩ ጸሐፊ