ሚሳይሉ በማን እጅ ነው?

በስሜን ተራሮች ቡይት ራስ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ጭላዳ ከገደሉ አፋፍ ቁጭ ብሎ ሣር በጣቱ ይነጫል። ጎብኚ የሚያጅበው ስካውት ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይጠብቃል። በዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የደባርቅም ሆነ የዳባት ገበሬ ለመሣሪያው ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለአንዲት ክላሽ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለሚሳይሉስ?

ኅዳር 4 ቀን 2013 ሌሊት፣ ሰሜን ዕዝ በተጠቃ በዐሥረኛው ቀን፣ ከትግራይ የተተኮሱ ሮኬቶች ጎንደርና ባሕር ዳር ደረሱ። አንዱ የጎንደርን አየር ማረፊያ በከፊል ጎዳ፤ ሌላው ከባሕር ዳሩ አየር ማረፊያ አጠገብ ወደቀ። ሕወሓት የአየር ድብደባ አጸፋ ነው ብሎ ኃላፊነቱን ወሰደ። በማግስቱ አስመራ ተተኮሰባት። በወቅቱ ስማቸው ከተነሣ መሣሪያዎች አንዱ ቻይና ሠራሹ ባሊስቲክ ሚሳይል ኤም-20 ነው፤ 280 ኪሎ ሜትር ይወነጨፋል። በ1987 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሚሳይል ቴክኖሎጂ ቁጥጥር ስምምነት ጠበቅ ያለውን ገደብ 300 ኪሎ ሜትር ላይ ስላሰመረ፣ 280 ለሻጭ የተመቸ ቁጥር ነው። ከመቀሌ ጎንደር በአየር መስመር ደግሞ ከዚያ ያንሳል።

የስሜን ሰው ተራራን ምሽግ አድርጎ ኖሯል። ደጃዝማች ውቤ በእነዚህ አምባዎች ተመክተው ነበር፤ ካሣ በ1847 ደረስጌ ላይ ድል ነሥቷቸው ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ያው ንጉሥ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርቶ መቅደላ ድረስ አስጎተተ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ከመቅደላ ሥር አሮጌ በተባለ ስፍራ ግን እንግሊዞች በሠራዊቱ ላይ ሮኬት ለቀቁበት።

ዛሬ ተራራ ምሽግ አይሆንም፦ የባሊስቲክ ሚሳይል ሞተር የሚነደው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ከዚያ እንደ ተወረወረ ድንጋይ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከ4500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ደጀን እንኳ ከሥሩ ይቀራል። በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርስ እናት ልጆቿን ለመሰብሰብ ፋታ አታገኝም።

አገር ራሷን መከላከል የለባትም አንልም። በ2017 ስካይዊን የተባለው የድሮን ፋብሪካ ተመርቋል፤ ነገ ሚሳይልም እንሥራ የሚል መምጣቱ አይቀርም። የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው፦ ያለው መሣሪያ በማን እጅ እንዳለና በማን ትእዛዝ እንደሚተኮስ ሳይታወቅ ርቀቱን ማስረዘም አይገባም። የ2013ቱ ሌሊት ያሳየን የመወንጨፊያ እጥረት አይደለም፤ የጠባቂ እጥረት ነው።

ጦርነቱን ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ በጥር 2015 ትግራይ ውስጥ አጉላዕ ላይ ከባድ መሣሪያ ለመከላከያ ተረክቧል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መከላከያ ሚኒስቴርን ጠርቶ የርክክቡን ዝርዝር፣ ሚስጥር ከሆነም በዝግ ስብሰባ፣ ይመርምር። የጎንደር ሕዝብ ቢያንስ ምርመራው መደረጉን የማወቅ መብት አለው።