በአንድ ጣሪያ ሥር የተፋቱ ሁለት ትምህርቶች

ሕግንና የወንጀል ጥናትን (ክሪሚኖሎጂን) በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አልፎም በአንድ ዲግሪ ማስተማር ጠቃሚ ነው የሚለው ሐሳብ ዛሬ ተቃዋሚ የለውም ለማለት ይቻላል። የወንጀል ሕግ የትኛው ድርጊት ወንጀል እንደሆነና ምን ቅጣት እንደሚያስከትል ሲደነግግ፣ የወንጀል ጥናት ደግሞ ሰዎች ወንጀል የሚፈጽሙበትን ምክንያት፣ ኅብረተሰቡ የሚሰጠውን ምላሽና ቅጣት በተግባር የሚያስገኘውን ውጤት ይመረምራል፤ ስለዚህም ሁለቱን የተማረ ሰው የተሟላ ባለሙያ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። ሐሳቡ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ስሕተቱ የሚጀምረው ክርክሩ እዚህ ላይ ሲያበቃ ነው። ሁለት ኮርሶችን በአንድ የውጤት ማስረጃ ላይ ማስፈር ቀላል ሲሆን ሁለት ዕውቀቶችን ማገናኘት ግን ከባድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ቀላሉን ይሠሩና ከባዱን ለተማሪው ይተዉለታል።

በእንግሊዝ ሕግን ከክሪሚኖሎጂ ጋር ያጣመሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣሉ፤ በእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ የሚታየው የተለመደ አሠራር ተማሪው በሕግ ፋኩልቲ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ሲተነትን ቆይቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ክፍል በመሻገር ስለ ድህነት፣ ስለ መገለልና ስለ ፖሊስ ባህል የሚማርበት፣ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያፋጥጥ መምህር ግን እምብዛም የማያገኝበት ነው። በኢትዮጵያ የሕግ ትምህርት ቤቶች በአንጻሩ እንዲህ ያለው ጥምር ዲግሪ አልተለመደም፤ የወንጀል ጥናት በሥርዓተ ትምህርቱ ዳርቻ ላይ፣ ሲሰጥም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ምርጫ ኮርስ ይቀመጣል። ሁለቱ ልማዶች የተራራቁ ቢመስሉም የወንጀል ጥናት ለሕግ ባለሙያ ተጨማሪ ጌጥ ነው ከሚል አንድ እምነት የመነጩ ናቸው።

የትምህርቶቹ ታሪክ ይህን እምነት አይደግፍም። ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 እ.ኤ.አ. ስለ ወንጀልና ቅጣት ባሳተመው ሥራ የቅጣትን ገደብና የቅጣትን ውጤታማነት በአንድ ክርክር ውስጥ አጣምሮ አቅርቧል። በ1885 እ.ኤ.አ. «ክሪሚኖሎጂያ» የተሰኘውን መጽሐፍ ያሳተመው ራፋኤሌ ጋሮፋሎም ጣሊያናዊ ዳኛ ነበር። ጀርመናዊው የሕግ ሊቅ ፍራንዝ ፎን ሊስት በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ «ጠቅላላው የወንጀል ሕግ ሳይንስ» በሚል መጠሪያ የሕጉን ዶግማ፣ የወንጀልን መንስኤ ጥናትና የወንጀል ፖሊሲን አንድ ላይ ለማስኬድ ጥሯል። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1959 እ.ኤ.አ. የክሪሚኖሎጂ ተቋሙን ሲመሠርት ያስጠጋው ከሕግ ፋኩልቲው ሥር ነበር። መለያየቱ እንግዲህ የትምህርቶቹ ተፈጥሮ ያስገደደው አልነበረም፤ ክፍሎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መምህር፣ በጀትና የማዕረግ ዕድገት ሲያደራጁ ቀስ በቀስ የመጣ የአስተዳደር ውጤት ነው።

ጉዳቱ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ቅጣት በሚወሰንበት ችሎት ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 88 ዳኛው ቅጣትን ሲወስን የጥፋተኛውን የግል ጥፋተኝነት መጠን እንዲመዝን፣ በዚህም የአደገኛነት ዝንባሌውን፣ ያለፈ ሕይወቱን፣ ለወንጀሉ ያነሳሱትን ምክንያቶችና ዓላማውን፣ የግል ኑሮውንና የትምህርት ደረጃውን ከወንጀሉ ክብደት ጋር አገናዝቦ እንዲያይ ያዛል። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ስላሉ ወጣት ጥፋተኞች ደግሞ አንቀጽ 54 ፍርድ ቤቱ ስለ ወጣቱ ጠባይ፣ አስተዳደግና ሁኔታ መረጃ እንዲሰበስብ በር ይከፍታል። እነዚህን ድንጋጌዎች ትርጉም ባለው መንገድ መፈጸም የሚችለው የአንድን ሰው ያለፈ ሕይወት ከወንጀሉ ጋር የሚያያይዝ መጠይቅ ማዘጋጀት፣ የማኅበራዊ ሠራተኛን ሪፖርት አንብቦ ደካማ ጎኑን መለየት የሚያውቅ ዳኛ ነው፤ ይህን ደግሞ የአንቀጾችን ዝርዝር በቃል በመያዝ ማግኘት አይቻልም።

በተግባር የሚሰማው የቅጣት አስተያየት ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። ተከላካዩ ተከሳሹ የቀድሞ የወንጀል ሪከርድ እንደሌለበትና የቤተሰብ አስተዳዳሪ እንደሆነ ይገልጻል፤ ዐቃቤ ሕጉ ወንጀሉ በማኅበረሰቡ ላይ ያስከተለውን ጉዳት ጠቅሶ ቅጣቱ እንዲከብድ ይጠይቃል፤ ከዚያም ስሌቱ ይጀመራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. ያወጣውና በ2006 ዓ.ም. በተሻሻለ መመሪያ የተካው የቅጣት አወሳሰን ሥርዓት ለወንጀሎች ደረጃ፣ ለቅጣቶች እርከን እያበጀ በተመሳሳይ ጉዳዮች ላይ ይሰጥ የነበረውን የተራራቀ ቅጣት ለማቀራረብ የተዘጋጀ ነው፤ ይህ ዓላማ ተገቢ እንደነበር መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ የወንጀል ጥናት ያልተማረ ባለሙያ እጅ ላይ ሲወድቅ፣ ማቅለያ በተገኘ ቁጥር እርከን የመውረድ፣ ማክበጃ በተገኘ ቁጥር እርከን የመውጣት ሒሳብ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ አንቀጽ 88 እንዲጠየቅ ያዘዘው ጥያቄም ሳይጠየቅ መልስ ያገኛል። መመሪያውን የሚያወግዙ ጸሐፊዎች አሉ፤ ትችቱ ቀድሞ መድረስ የሚገባው ግን ዳኛውንና ጠበቃውን ወዳስተማረው ተቋም ነው።

«የአደገኛነት ዝንባሌ» የሚለው ሐረግ ከሌሎቹ ተለይቶ ሊመረመር ይገባዋል። ሐሳቡ የመጣው ወንጀለኛው ለፈጸመው ድርጊት ከመጠየቁ ይልቅ ወደፊት ሊያደርስ ከሚችለው አደጋ አንጻር እንዲታይ ከጠየቀው፣ የቼዛሬ ሎምብሮሶን «በተፈጥሮ ወንጀለኛ» መላምት ከወለደው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ፖዚቲቪስት ትምህርት ቤት ነው። የራስ ቅል ቅርጽና የመንጋጋ ስፋት ወንጀልን ይተነብያሉ የሚለው የሎምብሮሶ ሐሳብ ከተጣለ ዘመናት አልፈዋል፤ አደገኛነትን ከሰው ሁኔታ ላይ የማንበብ ፍላጎት ግን አልተጣለም። የወንጀል ሕጉ በወጣበት በዚያው በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 የታወቀ መተዳደሪያ ሳይኖረው በተወሰኑ ሁኔታዎች የተገኘን ሰው በወንጀል የሚያስጠይቅ፣ የዋስትና መብትንም የሚከለክል ነበር። ይህን አዋጅ ሕግን ብቻ የተማረ ተማሪ ከሕገ መንግሥቱ የዋስትና ድንጋጌ ጋር ያስተያየዋል፣ የሕጋዊነትን መርህ (በሕግ አስቀድሞ ካልተደነገገ በቀር ወንጀልም ቅጣትም የለም የሚለውን) ይጠቅሳል፤ አደገኛነት የሚባለው ነገር ሊለካ መቻል አለመቻሉን ግን አይጠይቅም። ወንጀልን ብቻ ያጠናው በበኩሉ መለኪያውን ለማሻሻል ሲደክም፣ ሰውን ገና ላልሠራው ጥፋት ማሰር ስላለው ችግር ዝም ሊል ይችላል፤ ሎምብሮሶ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ዕውቀቶች አንዱ የሌላውን ልጓም ካልያዘ ሁለቱም ለአደገኛ ሥራ ሊውሉ ይችላሉ።

ለጋብቻ የሚፈጸም ጠለፋ የሁለቱ ዕውቀቶች መለያየት ለሚያስከትለው ጉዳት ሌላው ምስክር ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋ ከጠላፊዋ ጋር በሕግ የጸና ጋብቻ ከፈጸመች ክሱን ያስቀር ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ይህን መውጫ ዘግቶ በአንቀጽ 587 ጽኑ እሥራት ደነገገ። በመማሪያ ክፍል ይህ ለውጥ እንደ ድል ይነገራል፤ ድልም ነው። ሆኖም ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዞ በካሣና በዕርቅ ሲያልቅ ወደ ፖሊስ መዝገብ አይደርስም፤ በወንጀል ጥናት ያልተመዘገበ ወንጀል የሚባለው ይህ ነው። የተያዘ ጠላፊ የሚቀጣው ቅጣት ማደጉ ከመያዝ እርግጠኝነት ጋር ሲነጻጸር የማስፈራት ኃይሉ ዝቅተኛ እንደሆነ ከቤካሪያ ጀምሮ ሲነገርና በኋለኞቹ ጥናቶችም ሲደገፍ የኖረ ነው። ሕግ አውጪው ቅጣት በማክበድ ብቻ ችግሩን እንደፈታ የሚያምነው ይህን ሳይማር ስለቀረ ነው፤ ሕግ አውጪውን የሚያማክሩትም በአብዛኛው የሕግ ምሩቃን ናቸው።

ዳኛ ማኅበራዊ ሳይንቲስት መሆን የለበትም፣ የአምስት ዓመቱ የሕግ ትምህርትም ሞልቶ ፈስሷል የሚል መቃወሚያ ይቀርባል። የመጀመሪያው ክፍል እውነት አለው፤ ሆኖም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 51 መሠረት የባለሙያ ማስረጃ ሲቀርብለት የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ዳኛው ራሱ ስለሆነ፣ የሚመዝነውን ነገር ቋንቋ ቢያንስ ማወቅ አለበት። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ሌላ ኮርስ ይጨመር ለሚል ሰው መልስ ይሆናል፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ጭማሪ አይደለም። የወንጀል ሕግ ጠቅላላ ክፍልና የወንጀል ሥነ ሥርዓት ኮርሶች ውስጥ የቅጣት አወሳሰንን ምዕራፍ ከመጨረሻው ሳምንት አንስቶ ወደ መሐል ማምጣት፣ ምዕራፉንም የሕግ መምህሩና የወንጀል ጥናት መምህሩ በአንድ መድረክ እንዲያስተምሩት ማድረግ ይቻላል። የፈተናውም ወረቀት ጥፋተኛ የተባለ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ መዝገብ ይዞ ቢቀርብ፣ ተማሪው ከአንቀጽ 157 እስከ 162 ካሉት እርምጃዎች አንዱን መምረጥ ብቻ ሳይሆን ለማኅበራዊ ሠራተኛው የሚልካቸውን ጥያቄዎች እንዲጽፍና፣ የመረጠው የጠባይ ማረሚያ ተቋም በአካባቢው ባይኖር በትእዛዙ ላይ ምን እንደሚያሰፍር እንዲያስረዳ ይጠየቃል።