እህል ማቆየትና እህል መቆለፍ

ሰሞኑን ተራዊሕ ተሰግዶ ሰው ሲበተን አንድ የእህል ነጋዴ ወንድማችን ጠጋ አለንና «ሸኻችን፣ በጥር አርባ ኩንታል ጤፍ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። አሁን መንገዱ ሲዘጋጋ ዋጋው ጨመረ። እስከ ሰኔ ባቆየው ሐራም ይሆንብኛል?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ደስ አሰኘን። በረመዳን የምንጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ መርፌ መወጋት ጾም ያፈርሳል ወይ፣ የጥርስ ሳሙናስ ይፈቀዳል ወይ እየተባለ ነው። ስለ መጋዘኑ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገኝም። መልሳችን ግን አጭር አልሆነም። ነገሩ ነጋዴውን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ቤት የሚነካ ስለሆነ እዚህም ልናነሳው ወደድን።

እህል መቆለፍ በሸሪዓ ኢሕቲካር ይባላል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን የሚያደርግ ኃጢአተኛ እንደሆነ መናገራቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸው ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበርም በቡኻሪና በሙስሊም ሰፍሯል። ታዲያ ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ኢማም ነወዊ እንዲህ ይለዩታል፦ የተከለከለው ሰው የሚበላውን ዋና ምግብ በተወደደበት ጊዜ ከገበያ ገዝቶ፣ ዋጋው ይብስ ይወደድ ብሎ ማስቀመጥ ነው። ገበሬው ከገዛ ማሳው ያገባው፣ ወይም ሰው በርካሽ ጊዜ ገዝቶ ያስቀመጠው በዚህ አይገባም። ይሁን እንጂ ሰው ተቸግሮ ሌላ የሚገዛበት ከታጣ፣ ባለ እህሉ እንዲሸጥ የሚገደድ ለመሆኑ ዑለሞቹ አይለያዩም።

ስለዚህ ለወንድማችን ያልነው ይህንን ነው፦ በጥር መግዛትህ ኃጢአት የለበትም። በሰኔ መሸጥህም ንግድ ነው፤ በክረምት እህል ገበያ ላይ የሚገኘው ያቆየ ሰው ስላለ ነው። መንገድ ተዘግቶ የሰፈርህ ሰው ጤፍ ሲፈልግ «የለም» ብለህ መጋዘንህን የቆለፍህ ዕለት ግን መልሱ ይለወጣል። እርሱም ጥቂት ዝም አለና «ከፍዬ ልሽጠዋ» አለ። የቀረውን ለኅሊናው ተውንለት።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ያለውን ሁኔታ አንባቢ ያውቀዋል። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣና ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ አንድ ሳምንት ክፍት፣ አንድ ሳምንት ዝግ ሲሆን፣ ስኳሩ፣ ዘይቱና ቴምሩ ይቀራል። (ቴምር ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲሰቀል የሚጨነቁ ቤተሰቦች አሉ። በውኃ ማፍጠርም ሱና ነው፤ ለቴምር ብሎ መበደር አይገባም።) እንዲህ ባለ ጊዜ ለቤት የሚቆይ እህል ቅንጦት አይደለም። ደግሞም ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እንደሚመጣ እናስታውስ። ዘንድሮ የገባው በየካቲት፣ አውድማው ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከ14 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ጳጉሜንና መስከረም ይደርሳል። ጎተራው የሚራቆተው፣ እህል የሚወደደው በዚያ ወቅት ነው። ዛሬ ግማሽ ቀን መጾም የሚለማመዱት ልጆቻችን ያን ጊዜ ባለ ትዳር ይሆናሉ። እህል ማቆየትን ከእኛ ካልተማሩ ከማን ይማሩታል?

አቆያየቱ ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ለሰባቱ የድርቅ ዓመታት የመከሩት የእህሉን ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ለመብል ከሚፈለገው ጥቂት በቀር ምርቱ ከነዛላው እንዲቆይ ነግረዋቸዋል። ይህን አንቀጽ በልጅነታችን ስንቀራ ለምን ከነዛላው እንደተባለ አልገባንም ነበር። ሽፋኑ ሳይነሳ የቆየ ፍሬ ለነቀዝና ለእርጥበት በቀላሉ እንደማይጋለጥ ኋላ ከገበሬዎች ተረዳን። ጤፍስ አላህ በቸርነቱ ነቀዝ የማይደፍረው አድርጎ ሰጥቶናል። ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ነቀዝ ውስጡ ሊራባ አይችልም፤ ከእርጥበትና ከአይጥ ከተጠበቀ ዓመታት ይቆያል። ችግሩ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ስንዴውና በቆሎው ነው። በጭቃና በእበት የተለሰነ የአያቶቻችን ጎታ ጥሩ ነበር፤ ነቀዙን ግን አያስቆመውም።

ዛሬ ለዚህ አየር የማያስገባ ከረጢት መጥቷል፤ ፒክስ ይሉታል። ከውጭ ተራ ማዳበሪያ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ሁለት ላስቲክ አለው። በደንብ የደረቀ እህል ተሞልቶ አንዱ ላስቲክ በሌላው ላይ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር፣ ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየሩን ይጨርስና ይሞታል። መድኃኒት የለው፣ ሽታ የለው። እርጥብ እህል ከገባበት ግን ይሻግታል፤ ላስቲኩ ከተቀደደም ጥቅሙ ይቀራል። ይህን በዝርዝር የምንጽፍበት ምክንያት አለን። ነቀዝ ለመግደል ፎስቶክሲን የሚባለውን እንክብል በሚተኙበት ቤት፣ ከአልጋ ሥር ባለ እህል ውስጥ የሚጨምሩ ቤተሰቦች አሉ። ከእንክብሉ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። እህል ለማዳን ልጅን ማጣት አለ፤ እባካችሁ ከመኝታ ቤት አርቁት።

ወደ ገበያው እንመለስ። ዘንድሮም እንደ 2016 ዓ.ም. የእኛ ረመዳንና የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዐቢይ ጾም ተገናኝተዋል። በ2016 ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በመጋቢት 2፣ ነበር የገቡት። ዘንድሮ የሁለት ቀን ልዩነት ብቻ አላቸው። በሁዳዴ ወተትና ቅቤ ፈላጊ ያጣል፤ ላሟ ግን ጾም ነው ብላ መታለቧን አትተውም። በእነዚህ ሳምንታት ወተትና ቅቤ የሚገዛው አብዛኛው ሙስሊሙ ነው። ከገጠር ቅል ቅቤዋን ይዛ የመጣች ክርስቲያን እናት ገዢ እንደሌላት እያወቅን፣ እስኪመሽ ጠብቀን በማይረባ ዋጋ ብንወስድባት ውሉ ይጸና ይሆናል፤ ጾማችን ግን ምን ይሆናል? እንዲያውም የሚሻለው በደህና ዋጋ ገዝቶ፣ ቤት ወስዶ በኮረሪማና በአብሽ አንጥሮ ማስቀመጥ ነው። የተነጠረ ቅቤ ውኃው ስለሚወጣ ለወራት ይቆያል። በፋሲካ ዋጋው ሲሰቀል በቤታችን አለ ማለት ነው። እርሷም የላሟን መኖ ትገዛለች።

ይህ መገዛዛት ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል ሞጣዎች ያውቁታል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መስጂዶቹና የሙስሊሞች ሱቆች በተቃጠሉ ጊዜ የነደደው የባለ ሱቁ ዕቃ ብቻ አልነበረም። ዱቤ የሚሰጠው፣ ጨውና ስኳር የሚያመጣው ሰው ከሱቁ ወጥቷልና ገበሬውም ጎደለበት። ቁስሉን ለመቀስቀስ አይደለም የምናነሳው። አቅርቦት የሚሉት ነገር መኪናና መጋዘን ብቻ አለመሆኑን፣ በሰውና በሰው መካከል ባለው እምነት ላይ የቆመ መሆኑን ከሞጣ በላይ የሚያስረዳ ስላላገኘን ነው።

የቢቸና ጤፍ የሚበላው እዚሁ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ይገባል፤ እንጀራ ሆኖም ባሕር ይሻገራል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ ከመጣ ወዲህ ምርቱ የጨመረላቸው ብዙ ናቸው። ገበያው በሰፋ ቁጥር ግን ማጭበርበሪያውም ይሰፋል። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ ማር ውስጥ ስኳር፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ሲጨመር ሁላችንም ሰምተናል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከሥር እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ሻጩን ምን እንዳሉት ልጆቻችሁ በቁርአን ቤት ተምረውታል፤ ዛሬ ማታ ስታፈጥሩ ጠይቋቸው።

ስለ ማዕዱም አንድ ነገር እንበል። በረመዳን ሾርባ የግድ በቆርቆሮ ከመጣ አጃ ካልሆነ የማይመስላቸው ቤቶች በዝተዋል። እኛ ቤት ቆርቆሮው ከጠፋ ወዲህ በገብስ ቅንጬ ይሠራል። ቅንጬው አመሻሽ ላይ ይዘፈዘፋል፤ በማግሥቱ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት ቅቤ ቀስ ብሎ ይበስላል። ልጆቹ የመጀመሪያውን ሦስት ቀን አጉረመረሙ፤ አሁን ድስቱን የሚጠርጉት እነርሱ ናቸው። ሳምቡሳውንም ከዱቄቱ ሽምብራ ክክ ቀላቅለው የሚሠሩ እህቶች አሉ፤ ዘይት እንዳይበዛበት ብቻ ያስቡበት።

በመጨረሻ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ባለፈው ዓመት የዘካተል ፊጥርን ገንዘብ ከሰው ተቀብለን እህሉን ልንገዛ የወጣነው ረመዳን ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ብዙ ሰው ያንኑ በዚያው ቀን ሊገዛ ወጥቷል። የሰበሰብነው ገንዘብ ካሰብነው አነሰ፤ ልንሰጣቸው ስማቸውን ከጻፍናቸው ቤቶች አንዳንዶቹ ድርሻቸው ሳይሞላ ቀረ። አንዲት አሮጊት ከረጢቷን እየመዘነች በእጇ ስታየው ያየነውን አንረሳውም። ዋጋውን ያስወደድነው እኛው ነበርን፤ ማንንም መውቀስ አንችልም።

ዘንድሮ ሰዎች በጥር ወኪል አድርገውን ገንዘቡን ቀድመው ሰጡ፤ እህሉም ከአውድማ በተነሳበት ዋጋ ተገዛ። ይህ በሻፊዒዮቹም በሐነፊዮቹም ዘንድ ችግር የለበትም፤ ለችግረኛው የሚሰጠው በወቅቱ ነውና። አሁን በመስጂዱ ክፍል በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድሯል። ለአንድ ሰው አንድ ሷዕ፣ ማለትም አራት ሙድ ነው፤ በኪሎ እስከ 3 እንሰፍራለን። ያልከፈላችሁ ካላችሁ እስከ ዒድ ሶላት አትጠብቁ። ያ የእህል ነጋዴ ወንድማችንም ትናንት መጥቶ ምን ያህል እንደጎደለን ጠየቀ፤ ስድስት ኩንታል አልነው። በጥር በገዛበት ዋጋ ሊሰጠን ቃል ገብቷል። ዛሬ ከዐስር በኋላ ሚዛኑን ይዘን እንሄዳለን።