«ስኳርሽ ስንት ወጣ?» ብቻ አይበቃም



በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ ስኳር በሽታ ያለባት እናት ከሐኪም ቤት ስትመለስ ደጃፍ ላይ የምትጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። «ስኳርሽ ስንት ወጣ?» ትባላለች። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከተገኘ «አልሐምዱሊላህ» ተብሎ ቡናው ይፈላል፤ ከፍ ካለ ደግሞ «ምን በልተሽ ነው?» የሚለው ይከተላል። የደም ግፊቷ ስንት እንደሆነ፣ ኩላሊቷ ታይቶ እንደሆነ የሚጠይቃት ግን የለም ማለት ይቻላል። በዛሬው አምዳችን የምናነሳው ይህንኑ የተረሳ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ስኳር በሽታ ያለባትን ሴት ለሞት የሚዳርጋት ብዙውን ጊዜ የስኳሩ መውጣትና መውረድ ሳይሆን፣ ከስኳሩ ጋር አብረው የሚጎዱት ልቧና የደም ሥሮቿ ናቸው።

ለመሆኑ ሴቶችን ለይተን ማንሳት ለምን አስፈለገ? በብዙ ሰው ዘንድ የልብ ሕመም የወንድ በሽታ ተደርጎ ይታሰባል። ግምቱ ጭራሽ መሠረት የለውም አይባልም፤ ሴት ልጅ የወር አበባዋ እስኪቋረጥ ድረስ ከእኩዮቿ ወንዶች ይልቅ ከልብ ሕመም የተጠበቀች ናት። ስኳር በሽታ ግን ይህን ጥበቃ ይነጥቃታል። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ነዋሪዎችን ከእ.ኤ.አ. 1948 ጀምሮ ሲከታተሉ የቆዩ ሐኪሞች በ1979 ባወጡት ውጤት፣ ስኳር በሽታ በሴቶች ልብ ላይ የሚጨምረው አደጋ በወንዶች ላይ ከሚጨምረው እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ በ2014 የ64 ጥናቶች ውጤት በአንድነት ተመርምሮ ነበር፤ በጥናቶቹ የታቀፉት ሰዎች ቁጥር ከ858,000 በላይ ነው። ስኳር ያለባቸው ሴቶች ስኳር ከሌለባቸው ሴቶች ጋር ሲነጻጸሩ በልብ የደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 2.82 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በወንዶች በኩል የተገኘው 2.16 እጥፍ ነው። ይህ ማለት ስኳር ያለበት አባወራ አይሰጋም ማለት አይደለም፤ የሴቷ አደጋ ግን ከተለመደው ግምት እጅግ የራቀ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚጠራቀም ስብ ኢንሱሊን ሥራውን በሚገባ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ኢንሱሊን ሲዳከም ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል፤ ጉበትም ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ስብ አብዝቶ ወደ ደም ይለቃል፤ ጠቃሚው ኮሌስትሮል ይቀንሳል፤ ግፊቱ ከፍ ይላል። ይህ ሁሉ የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ቀስ በቀስ ያቆስለዋል፣ ያጠበዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ጄራልድ ሪቨን እ.ኤ.አ. በ1988 እነዚህ ችግሮች ተያይዘው የሚመጡ መሆናቸውን ሲያስረዳ «ሲንድሮም ኤክስ» ብሎ ሰየማቸው፤ ዛሬ ሜታቦሊክ ሲንድሮም ይባላሉ። ሴቶች ደግሞ ስኳራቸው ከመታወቁ በፊት በክብደትም ሆነ በግፊት ብዙ መንገድ ተጉዘው የሚገኙበት ጊዜ ይበዛል። በሽታው በካርድ ላይ ሲጻፍ የደም ሥሩ ጉዳት ከጀመረ ሰንብቷል ማለት ነው።

ይህን አደጋ ለመጠርጠር ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባወጣው መመዘኛ መሠረት የሴት ወገብ ዙሪያ 80 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ የወንድ ደግሞ 94 ሲደርስ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። ከዚህ ጋር ግፊት ከ130/85 ጀምሮ፣ ትራይግሊሰራይድ ከ150 ጀምሮ፣ በሴት ጠቃሚው ኮሌስትሮል ከ50 በታች፣ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ደግሞ ከ100 ጀምሮ ይቆጠራል። ወገቧ ከልክ ያለፈ ሴት ከቀሪዎቹ አራት ሁለቱ ከተገኙባት ሲንድሮሙ አለባት ይባላል። ስኳር ያለባት ሴት አንዱን አስቀድማ ይዛለች። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት 16 ከመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹም ሕክምና ያልጀመሩ ነበሩ። ይኸው ሲንድሮም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ጎልቶ ታይቷል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንግባ። በእኛ ዘንድ ሴት ወገቧ ሲሰፋ «አምሮባታል፣ ደልቷታል» ይባላል እንጂ አደጋ ነው የሚል የለም። በገጠር ውሃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሸከም፣ ማሳ ላይ የምትውል ሴት የምትበላው ቅቤና ገንፎ በሥራ ይወጣላታል። ያቺው ሴት ልጆቿን ተከትላ ነቀምቴ ስትገባ ምግቡ እንዳለ ይቀጥላል፤ ሥራው ይቀራል። ገበያ ለመሄድ ባጃጅ አለ። አንጮቴው በቅቤ፣ ጨጨብሳው በቅቤ፣ ሻዩ በሦስትና በአራት ማንኪያ ስኳር ይሆናል። የወለጋን ቅቤ የሚነቅፍ ሰው በወለጋ እንግድነት አያገኝም፤ እኛም ፈጽሞ ይቅር አላልንም። በየዕለቱ መሆኑ ግን ይታሰብበት። ቡናን በጨው መጠጣትም በምዕራቡ የአገራችን ክፍል የተለመደ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ለሚፈላበት ቤት ይህ ጨው ከወጡ ጨው ጋር ሲደመር ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይኸውም አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። ለግፊት ሕመምተኛ ከሁሉ በፊት የሚቀነሰው የቡናው ጨው ቢሆን መልካም ነው። ከሱቅ የሚገዛውም የሚረጋ የፓልም ዘይት ለደም ሥር የሚበጅ አይደለም፤ አቅም በፈቀደ መጠን የኑግ፣ የሱፍ ወይም ሌላ የማይረጋ ዘይት ይመረጥ። የምድጃ ጭስም ልብን ይጎዳል፤ ሳል ብቻ የሚያስከትል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው።

ስኳር ያለባት ሴት ሁሉ ወፍራም ናት ማለት ግን አይደለም። በአገራችን ቀጫጭን የስኳር ሕመምተኞች በርካታ ናቸው፤ «እኔ ምን ሥጋ አለኝና» ብሎ ግፊትን ሳይለኩ መቅረት አያዋጣም።

ከዚህ ሌላ ወንዶች የማያልፉበት አንድ በር አለ፤ እርግዝና። በእርግዝና ጊዜ ስኳሯ ከፍ ብሎ የነበረ እናት ከወለደች በኋላ ይስተካከልላታል፤ «ጠፋልኝ» ብላም ትረሳዋለች። እንዲህ ያለች እናት ወደፊት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች እናቶች በሰባት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በእርግዝና ወቅት ግፊቷ ጨምሮ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን የታየባት እናት ደግሞ በኋለኛው ዘመኗ ለልብ ሕመም ያላት ተጋላጭነት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ውስጥ ስኳሯን ደግማ ትመርመር፤ ከዚያም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ትታይ። ለሕፃኑ ክትባት ጤና ጣቢያ ስትሄድ እግረ መንገዷን የእሷም ግፊት ቢለካ ምን ይጎዳል? ስኳር ወይም ግፊት ያለባት ሴት ልጅ ለመውለድ ስታስብም አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ለፅንስ አይስማሙምና መለወጥ አለባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ግፊትን መቆጣጠር ምን ያህል ይጠቅማል? በእንግሊዝ አገር ግፊትና ስኳር አብረው ባሉባቸው 1,148 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቷል። ግፊታቸውን ጠበቅ አድርገው የተቆጣጠሩት ላላ ካደረጉት ጋር ሲወዳደሩ፣ አንጎልን መትቶ ሽባ የሚያደርገው ስትሮክ በ44 ከመቶ፣ ከስኳር ጋር የተያያዘ ሞት ደግሞ በ32 ከመቶ ቀንሶላቸዋል። ይህን ያመጡት በገንዘብ የማይደፈሩ መድኃኒቶች አልነበሩም፤ የዚያው ዓይነት የግፊት መድኃኒቶች ዛሬ በወረዳ ከተሞች ፋርማሲዎች ይገኛሉ። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ራስ ምታቱ ሲተዋት «ተሻለኝ» ብላ ታቆማለች። ግፊት ሳይታመሙ የሚያዝ በሽታ ነውና መድኃኒቱም ሳይታመሙ የሚዋጥ ነው። ዕድሜዋ ከ40 ላለፈና ስኳር ላለባት ሴት የኮሌስትሮል መቀነሻ (ስታቲን) ስለመጀመር ሐኪሟን መጠየቅም ተገቢ ነው። ከጎረቤት ሰምቶ አስፕሪን መጀመር ግን አይገባም፤ ለአንዳንዱ ሰው ከጥቅሙ የደም መፍሰስ ጉዳቱ ያመዝናል። ጥቁር አዝሙድ የሚወስዱ እህቶቻችንም አሉ። እሱን በልክ መውሰድ ሌላ፣ የሐኪሙን መድኃኒት በእሱ መተካት ሌላ ነው፤ ሁለተኛው ያስከፍላል።

የልብ ሕመም በሴት ላይ ሲመጣ ሁልጊዜ ደረትን እንደ ድንጋይ ተጭኖ አይደለም። ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሕመሙ ሳይሰማ ሊያልፍም ይችላል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ መንጋጋ ወይም ጀርባ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ከዚህ በፊት ያልታወቀ ድካም ሊሆን ይችላል። ይህን «ጨጓራ ነው» ብሎ በጦስኝ ሻይ ማሳደር አደገኛ ነው። ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ አፍ ሲተሳሰር ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ለነቀምቴ ነዋሪ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቅርብ ናቸው። ከሩቅ ወረዳ ለሚመጣ ግን ሰዓታት ይፈጃል፤ በመሆኑም መኪና ያለው ጎረቤት አስቀድሞ ይታወቅ። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በነበረው የጸጥታ ችግር መንገድ ተዘግቶ ቀጠሮ ያለፋቸው፣ መድኃኒት ያለቀባቸው ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ሥጋት ባለበት አካባቢ የምትኖር እናት ሐኪሟን የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት እንዲያዝላት ትጠይቅ፤ ግፊቷንም በቅርቧ ባለው ጤና ጣቢያ ታስለካ።

ስለ ረመዷን ጥቂት እንበል። ለታመመ ሰው ሃይማኖታችን እንዳገራለት የማያውቅ የለም፤ እናቶች ግን «ሰው ምን ይለኛል» እያሉ፣ ወይም የቤቱን ኢፍጣር የሚያዘጋጁት እነሱው በመሆናቸው፣ ሳይጠይቁ ይጾማሉ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ፣ ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የተጎዳ እናቶች ከወሩ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪም ያማክሩ። ከጣት ደም ወስዶ ስኳር መለካት ጾም አያፈርስም። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ግን መጾሙ ይቋረጣል። ማታ በቴምርና በሳምቡሳ፣ በጣፋጭ ጭማቂም የሚካካስ ጾም ለስኳር ሕመምተኛ ከጾሙ ይልቅ ማታው ይከብዳል።

በመጨረሻም ለወጣቶች አንድ ሥራ እንስጥ። ለእናታችሁ አንድ የሃያ አራት ገጽ ደብተር ግዙ። ቀን፣ ስኳር፣ ግፊት፣ የወገብ ዙሪያ ብላችሁ አስምሩበት። በዓመት አንድ ጊዜ የሽንት ፕሮቲን፣ የኩላሊትና የኮሌስትሮል ምርመራ፣ የዓይንና የእግር ምርመራ የተደረገበትን ቀን በጀርባው ጻፉ። ግፊቷን ከ130/80 በታች፣ ጠዋት ምግብ ሳትቀምስ የሚለካውን ስኳር ከ80 እስከ 130 ባለው ውስጥ ለማድረግ ይሞከራል፤ ዕድሜዋና ሌላ ሕመሟ ታይቶ ልኩን የሚወስነው ግን ሐኪሟ ነው። የምርመራው ዋጋ ከከበደ ቤተሰቡ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል መሆኑን አረጋግጡ፤ መታደሻውም እንዳያልፍ። ከዐስር ሰላት በኋላ ግማሽ ሰዓት አብራችኋት ተራመዱ፤ ብቻዋን «አፍራለሁ» ትላለችና። በቀጠሮዋ ቀን ደብተሩን ከካርዷ ጋር አስይዟት፤ ከተቻለም አንዳችሁ አብራችኋት ግቡና ሐኪሙ ስለ ግፊቷና ስለ ኩላሊቷ የሚለውን ጻፉ።